ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር

በአርባ ሰባት ዓመቴ ያስሮጠኝ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ነው። ሩጫ የእኔ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ በቤታችን ሯጯ እህቴ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እጄን ይዛ ስትፈተለክ የእኔ እግር መሬት የሚነካው አልፎ አልፎ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ጀርባዋ ይመጣብኛል። ጉንጉን ጸጉሯ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ዞር ሳትል "ና! ና! ና!" ትለኛለች። ከራሴ ሩጫ ልጀምር ብል የሚያውቀኝ ሰው ስለማያምነኝ ከእሷ ልጀምር።

እህቴ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ሰባ የሚሆኑ ሴቶች የነርስ፣ የተማሪና የዘበኛ ደንብ ልብስ በሚሰፉበት አዳራሽ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ያለው ረጅሙ ጠረጴዛ የእሷ ነው። ሃምሳ ድርብ ጨርቅ ትዘረጋና የልብሱ ቅርጽ የወጣበትን ወረቀት፣ ፓተርኑን፣ ከላይ አስተኝታ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች። የመቁረጫው መኪና የሚሄደው በእሷ መስመር ነው፤ መስመሯ ከሳተ ሃምሳ ሱሪ አንድ ላይ ይበላሻል። እሷ ግን ስታ አታውቅም። በዚህ የተነሳ "ሚሊሜትር" የሚል ስም ወጣላት። አለቃዋም፣ ዘበኛውም፣ ትናንት የተቀጠረችውም ልጅ የሚጠሯት በዚሁ ስም ነው። "እትዬ" የምላት እኔ ብቻ ነኝ።

እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። እሷ ትምህርቷን ትታ ከስፌት መኪና ፊት ተቀመጠች፤ እኔ መምህር ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ለእረፍት ወደ ቤት በመጣሁ ቁጥር ትንሽ ወፍራ አገኛታለሁ። ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ተቀምጣ ትበላለች፤ እንቅልፍም አንዳንዴ እዚያው ይወስዳታል። ያቺ የምትፈተለክ ልጅ መሮጥ ያቆመችበትን ቀን አላውቀውም። ብዙ ነገር የማስታውስ ሰው ነኝ ባይ ነኝ፤ ያንን ቀን ግን የት እንደነበርኩ እንኳ አላስታውስም።

ከሦስት ዓመት በፊት መቶ ሠላሳ አራት ኪሎ ሞላች። ሐኪሟ "ስኳር በሽታ በርዎ ላይ ቆሞ እያንኳኳ ነው" አላት። በማግስቱ ከቁልፍ ሰፊዋ ጋር በእግር መሄድ ጀመረች። ቁልፍ ሰፊዋ የሃያ ዓመት ጓደኛዋ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾል።

"ብቻሽን ብለቅሽ ዳቦ ቤት ነው የምትገቢው" አለቻት። "እኔ በዳቦ ቤቱ በኩል ነው የምሄደው፤ አንቺ በዚያኛው ጠርዝ።"

እንዲህ እየተባባሉ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት በእግራቸው ሲሄዱ ሁለት ዓመት አለፈ። እህቴ ስድሳ አንድ ኪሎ ቀነሰች። ስኳሩም ከበሩ ላይ ተመለሰ። ደስታችን ግን ሙሉ አልሆነም፤ ሥጋው ሲሄድ ቆዳው ቀረ። ሆዷ ላይ የነበረው ሁሉ ባዶውን ሆኖ እንደ ሽርጥ ጭኗ ላይ ወረደ። ከእጥፋቱ ሥር ላብ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ሐኪም ቤት ሄዳ ማሳየት አሳፈራት። በር ዘግታ በጨው ውኃ ታጥበዋለች፣ ቅባት ትቀባዋለች፣ ንጹሕ ጨርቅ ትጠቀጥቅበታለች። ለባሏም፣ ለእኔም አልነገረችም።

ለራሷ ያበጀችው መላ ግን ነበራት፤ ቀበቶ ሰፋች። ቀበቶ ስል ወገብ ላይ የሚታሰረውን ማለቴ አይደለም። የቆዳዋን ቀለም ከመሰለ ለስላሳ ጥጥ የተሠራ፣ ከትከሻ የሚንጠለጠል፣ ከሆዷ ሥር ገብቶ ያንን ሁሉ ቆዳ አንስቶ የሚያጥፍ ነገር ነው። ለብሳው ላያት ሰው ሆዷ ልጥፍ ያለ ነው። የትኛው ቆዳ፣ የትኛው ጨርቅ እንደሆነ ስፌቱ አይለይም።

ቀበቶው አንድ ነገር ማድረግ አልቻለም። የታጠፈው ቆዳ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንድ ስንዝር ያርቃታል። ድሮ በውፍረቷ ጊዜም ርቃ ነበር የምትሠራው፤ ያኔ ግን አያማትም። አሁን ወደ ፊት በተንጠራራች ቁጥር የሥሩ ቁስል ይታሻል። ባለፈው ዓመት ቁስሉ ወደ ውስጥ ገባና ትኩሳት ጣላት፤ ዘጠኝ ቀን ከሥራ ቀረች። በተመለሰች በሳምንቱ መስመሯ ሁለት ሚሊሜትር ሳተ። ሃምሳ የነርስ ጋዎን ኪሱ ወደ ግራ አጋድሎ ወጣ።

አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። ጋዎኑን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ሚሊሜትር፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እታገስሻለሁ" አላት። "እንደዚሁ ከቀጠለ ግን ጠረጴዛውን ለሌላ ሰው እሰጥና አንቺን መጋዘን አስገባሻለሁ። ምን ላድርግ?"

የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ስለ ቁስሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። "ጠረጴዛዬን" ስትል ግን ድምጿ ተቆረጠ።

ቀዶ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው አይቶ "ይሄ በእግር ጉዞም፣ በቅባትም አይሄድም፤ መቆረጥ ነው ያለበት" አላት።

"ስንት ሳንቲሜትር?" አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ፤ እህቴ አልሳቀችም። መልሱን እየጠበቀች ነበር።

ሠራተኞቹ ሁሉ በፋብሪካው በኩል የጤና ኢንሹራንስ አላቸው። ውሉ ላይ እንደሰፈረው ኩባንያው እንዲህ ዓይነቱን ቀዶ ሕክምና የሚሸፍነው ለጤና ካስፈለገ ነው፤ ለመልክ ከሆነ አይሸፍንም። የሚጠይቀው ደግሞ ሦስት ነገር ነው፤ ቆዳው መንጠልጠሉን የሚያሳይ ፎቶ፣ ክብደቱ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይለዋወጥ መቆየቱን፣ ቁስሉም ለስድስት ወር እየተመላለሰ ማስቸገሩን የሚያሳይ ማስረጃ። አመለከትን። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፦ "የቀረቡት ፎቶግራፎች የተንጠለጠለ ቆዳ አያሳዩም። ስለ ቁስሉም የቀረበ ማስረጃ የለም። ጥያቄው ለመልክ ማሳመር ሆኖ በመገኘቱ ተቀባይነት አላገኘም።"

"መልክ ማሳመር!" አለች እህቴ ሳሎኗ ውስጥ እየተንጎራደደች። "በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ለማን ላሳምር ነው? ባሌ እንደሆነ መነጽሩ ከጠፋ ዓመቱ ነው!"

"እኔ ምን አጠፋሁ?" አለ ባሏ ከወንበሩ ላይ።

"ዝም በል አንተ፣ አንተን አይደለም።"

ከደብዳቤው ጋር የተመለሱትን ፎቶዎች አንስቼ አየኋቸው። ከፊት፣ ከጎን፣ ጎንበስ ብላ። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ሆዷ ልጥፍ ያለ ነው።

"እትዬ፣ ፎቶ ስትነሺ ልብስሽን አውልቀሽ ነበር?"

"አዎ፣ ሁሉንም። ፎቶ አንሺው ልጅ አፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነበር።"

"ቀበቶውንስ?"

የቀሚሷን ጠርዝ ማስተካከል ያዘች። ወሬውን ልትሰማ የመጣችው ቁልፍ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ፎቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ። አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እህቴን አየች።

"ቀበቶውን አላወለቅሽም?"

"በሰው ፊት ያልተስተካከለ ነገር ይዤ ቆሜ አላውቅማ!" አለች እህቴ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዲያውም ለፎቶው ብዬ አዲስ ነበር የሰፋሁት" አለች።

ቁልፍ ሰፊዋ ሶፋው ላይ ተዘረረች። "ወይ ሚሊሜትር! በገዛ እጅሽ ኢንሹራንሱን ሰፍተሽ ዘጋሽው!" ባሏም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። መጨረሻ ላይ እህቴም አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ያየኋት አይመስለኝም።

ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን ነበረን። ወኪሏ ሆኜ ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ። ቀዶ ሐኪሙ ያለ ቀበቶው አዲስ ፎቶ አስነሳልን። ክብደቷንና ቁስሉን ግን ለስድስት ወር ያየ ሐኪም የለም፤ ያየች እሷ ብቻ ናት። "የራሷ ቃል ማስረጃ አይሆንም" አለኝ በስልክ ያነጋገርኩት የኩባንያው ሠራተኛ፤ በትሕትና ነው ያለኝ።

ቀኑ እየተገፋ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ አበስብሶኝ እህቴ ቤት ደረስኩ። "ኮትህን መኝታ ቤት በሩ ጀርባ ስቀለው" አለችኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ኮቴን ልሰቅል ስል ከምስማሩ ላይ ወፍራም የወረቀት ጥቅል ተንጠልጥሎ አየሁ። ፓተርን ነው። በፋብሪካው ልማድ ፓተርን አይጣልም፤ ጥግ ላይ ቀን ይጻፍበትና ይሰቀላል። እሷም ለራሷ ያወጣቻቸውን ሁሉ በዚያው ደንብ ሰቅላቸዋለች። የወገብ ፓተርን በየወሩ፣ የቀበቶው ፓተርን በየወሩ፤ ሁሉም ላይ ቀን አለ።

አንዱን አወጣሁት። የቀበቶው ፓተርን ላይ በስተግራ በኩል እንቁላል የሚያክል ቀዳዳ ተቆርጧል።

"እትዬ! ይሄ ቀዳዳ ምንድነው?"

"እዚያ ጋ ቆስሎ ነበር" አለች ከወጥ ቤት። "ስፌቱ እንዳያሸው ከፍቼ በለስላሳ ገበርኩት።"

"ይሄኛውስ?"

"ያ የሚቀጥለው ወር ነው። ቁስሉ ወደ መሃል ሄደ፤ ስፌቱን አዞርኩት።"

ጥቅሉን ታቅፌ ወጥ ቤት ገባሁ። "ማስረጃ የለም ነው የሚሉት? እትዬ፣ የሁለት ዓመት ተኩል ማስረጃ በሩ ጀርባ ሰቅለሽ ነው የተቀመጥሽው!"

"ይሄ ወረቀት ነው እንጂ ምን ማስረጃ ነው?" አለች። ግን ሽንኩርት መክተፏን አቁማ ነበር።

የይግባኙ ቀን ሦስት ሰዎች ጠበቁን። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ መነጽራቸው በገመድ ከአንገታቸው የተንጠለጠለ። ከጎናቸው የኩባንያው ሕግ አማካሪና ያንን ደብዳቤ የፈረመው ወጣት ሐኪም ተቀምጠዋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣው ጥግ ላይ ባለ ባልዲ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

እህቴ ጥቅሉን ስትፈታ ወጣቱ ሐኪም ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይቅርታ፣ ይሄ የልብስ ፓተርን ነው። የሕክምና ማስረጃ አይደለም።"

"ልክ ነዎት" አለች እህቴ። "ጠረጴዛው ላይ ልዘርጋው? ብርጭቆዎቹን ያንሱልኝ።"

ሕግ አማካሪው ሳያስበው ብርጭቆውን አነሳ። "የውኃውንም ጠርሙስ" አለችው፤ እሱንም አነሳና ሁለቱን ታቅፎ ቆመ። እህቴ ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አሰለፈቻቸው። ጠርዝ ከጠርዝ እያገጣጠመች፣ በመዳፏ እየዳበሰች። ቤቷ የገባች ያህል ነበር።

"ይሄኛው ረድፍ የወገቤ ነው" አለች። "እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። ከዚህ ጀምሮ ስምንት ወር አልተለወጠም። ይለኩት፤ አንድ ሚሊሜትር አያገኙም። ያኛው ረድፍ ቀበቶው ነው። ወገቤ ሲያንስ እሱ አላነሰም፤ እየረዘመ ነው የሄደው። ሥጋው ሲሄድ ቆዳው ስለወረደ ነው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ..." አንድ የተጣጠፈ ጠርዝ በመዳፏ ዳበሰች። "ቀዳዳዎቹ ቁስሉ የነበረበት ቦታ ናቸው።"

ሰብሳቢዋ ተነሱ። መነጽራቸውን አድርገው በጠረጴዛው ዙሪያ ቀስ ብለው ሄዱ። አንዱ ቀዳዳ ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ።

"እዚህ ጋ ሁለት ወር ቆየ?"

"ሁለት ወር ከአሥር ቀን።"

"ከዚያ ወደ መሃል መጣ።"

"አዎ፤ ትኩሳት የጣለኝ እሱ ነው። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ።"

ከፋብሪካው ያወጣሁትን የዘጠኝ ቀን ፈቃድ ወረቀት አቀረብኩ። ወጣቱ ሐኪም ተቀበለኝና በፓተርኑ ጥግ ካለው ቀን ጋር አስተያየው። ማቀዝቀዣው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሐኪሙ መልሶ አስተያየው።

"ይገጥማል" አለ። ወረቀቱን መልሶ እየሰጠኝም፣ "ቁስሉ ያለበትን ቦታ ከዚህ በላይ አድርጌ እኔም ልመዘግበው አልችልም" አለ። ደብዳቤውን የፈረመው እሱ ነበርና፣ ይህን ማለቱን አልረሳለትም።

ሰብሳቢዋ ወደ እህቴ ዞሩ። "ቀበቶውን አሁን ለብሰውታል?"

"አዎ።"

"ሊያወልቁት ይችላሉ?"

እህቴ እኔን አየችኝ፤ እኔም እሺ በዪ ለማለት አንገቴን ነቀነቅሁ። ሰብሳቢዋ ካስጠሯት ነርስ ጋር ወደ ጎን ክፍል ገባች። ስትመለስ ቀበቶው በአራት ታጥፎ እጇ ላይ ነበር። ቀሚሷ ከፊት ለፊት ተወጥሮ ወደ ታች ተጎትቷል። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተስተካከለ ነገር ይዛ ከሐኪም ክፍል ውጭ በሰው ፊት ቆመች። ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። ነርሷ ያየችውን ለሰብሳቢዋ በጽሑፍ ሰጠቻቸው፤ ቁስሉ ዛሬም ነበር።

ሰብሳቢዋ ቀበቶውን ተቀብለው ልክ እንደ ልብስ ሰፊ በውስጡ በኩል ገለበጡት። ስፌቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

"አርባ ዓመት ሰው ሰፍቻለሁ" አሉ። "እንዲህ አድርጌ ግን ሰፍቼ አላውቅም።"

"የእርስዎ ጨርቅ ይንቀሳቀሳል" አለቻቸው እህቴ። "የእኔ ዝም ይላል።"

ሴትየዋ ከት ብለው ሳቁ። ጠርሙስና ብርጭቆ ታቅፎ የቆመው ሕግ አማካሪም ሳቀ። ውሳኔው በአሥር ቀን ውስጥ በደብዳቤ ይደርሳችኋል ተባልን። የመጨረሻውን ፓተርን ከፋይሉ ጋር እናስቀር ሲሉ እህቴ ተጨነቀች። "ትመልሱልኛላችሁ? ስብስቡ እንዳይጎድል ነው።"

አሥሩ ቀን እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። ቁልፍ ሰፊዋ በየጠዋቱ እየደወለች "እ?" ትለኛለች፤ "ምንም" እላታለሁ፤ "የተማረ ሰው ተብለህ!" ብላ ትዘጋብኛለች። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ፖስተኛው ደብዳቤውን ሰጠኝ። በር ላይ ቀደድኩት፤ አንድ አረፍተ ነገር አነበብኩ፤ ሮጥኩ። አውቶቡስ መጠበቅ ትዝ አላለኝም። መነጽሬ ላቤ ላይ እየተንሸራተተ፣ አንድ ጫማዬ ክሩ ተፈትቶ፣ እህቴና ቁልፍ ሰፊዋ በእግራቸው በሚሄዱበት መንገድ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ሮጥኩ። ዘበኛው "ወዴት?" ሲለኝ አልቆምኩም።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር አቃተኝ። የመጀመሪያው ረድፍ መኪናዎች ቆሙ።

"ማን ሞተ?" አለች አንዷ።

"ምነው ፊቱ እንዲህ ሆነ? ውኃ ስጡት!"

ቁልፍ ሰፊዋ እየተንደረደረች መጣች። "ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ! መምህር አይደለህም እንዴ?"

ደብዳቤውን ዘረጋሁላት። ዓይኗ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀጥላም ከዚያ ቀጭን አካል ይወጣል የማይባል ድምፅ አወጣች፦

"ለጤና አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ ሙሉ ሽፋን ተሰጥቶታል! ሚሊሜትር! ሙሉ! ሙ-ሉ!"

የቀሩት መኪናዎችም አንድ ላይ ቆሙ። ከዚያ ጭብጨባው፣ እልልታው፣ መቀስ በጠረጴዛ ላይ መደብደቡ። አለቃው ከቢሮው ወጥቶ ማንንም አልተቆጣም። እህቴ ብቻ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ደብዳቤውን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጨርቅ ከሚጫንበት ብረት ሥር አስቀመጠችውና ጠመኔዋን አነሳች።

"መስመሩን ልጨርስ" አለች።

ጠመኔው ጨርቁን ነካ፤ ተንቀጠቀጠ። አነሳችው። መልሳ ሞከረች። ከዚያ ቀስ ብላ አስቀመጠችውና "ዛሬስ አልችልም" አለች። ከቁልፍ ሰፊዋ ጋር ተቃቅፈው ተላቀሱ። ያን ቀን ያ ጠረጴዛ ሥራ ሳይሠራበት ዋለ።

ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሐኪሙ በማግስቱ ሊያያት ሲገባ ገና ሰላም ሳይላት "ስድሳ አራት በሃያ ሁለት" አላት። "ሳንቲሜትር ነው። ጠይቀውኝ ነበር።" እህቴ እርሳስ አስመጣችና ከኩባንያው የተመለሰላት የመጨረሻው ፓተርን ጥግ ላይ ጻፈችው።

ቁስሉ ደርቆ፣ ፈቃዷ አልቆ ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት። "ና!" አለችኝ። "ና! ና! ና!"

ሄድኩ። ይህን ጊዜ በአውቶቡስ ነው፤ ግን ከፌርማታው እስከ በሩ ሮጥኩ። እህቴ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። ሃምሳ ድርብ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቶላታል። ወገቧ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክቷል፤ በመካከላቸው ወረቀት አይገባም።

"ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ። "ሃያ ሰባት ዓመት እዚህ ቆሜ፣ ጠርዙ ቀዝቃዛ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

ከጎኗ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ቆምኩ። ጀርባዋን አየሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምትሠራው የተጎነጎነውን፣ አሁን የሸበተውን ጸጉሯን አየሁ። ጠመኔዋን አነሳች።

"ዞር በል" አለችኝ፤ "ብርሃኔን ጋረድከኝ።"